እንጨት ታሪክ የለውምን?

በቦንጋ አቅራቢያ «የእግዜር ድልድይ» የሚባል አለ። ውኃው አለቱን ከሥሩ ቦርቡሮ መንገድ ሲያወጣ፣ ከላይ የቀረው ዓለት ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞ ድልድይ ሆነ። ወደ ካፋ የሚዘልቅ እንግዳ ይህን የተፈጥሮ ሥራ ሳያይ እንዳይመለስ ይመከራል፤ ፎቶግራፉም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ይህ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። የሚያስወቅሰው ሌላ ነው። እግዜር የሠራው ድልድይ ስምና ጎብኚ ሲያገኝ፣ የካፋ ገበሬ በገዛ መጥረቢያው፣ በገዛ ትከሻውና በገዛ ሐረጉ ሲሠራው የኖረው የእንጨት ድልድይ ግን እንደ ቅርስ ሲታይ፣ እንደ ጥበብም ሲወሳ አይሰማም። ሲሰበር «ተሰበረ» ይባላል፤ ሲተካም «ተተካ» ይባላል። ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ያበቃል።

ለመሆኑ ይህ ንቀት ከየት መጣ? መልሱ አጭር ነው። ቅርስ ማለት ድንጋይ ነው፣ ድልድይ ማለት ሲሚንቶ ነው የሚሉ ሁለት እምነቶች ሳይታወቁ በተማረው ሰው ልቡና ውስጥ ተጋብተዋል። አንደኛው ወደ ኋላ ሲያይ እንጨትን ይዘላል፤ ሁለተኛው ወደ ፊት ሲያይ እንጨትን ይጥላል። በሁለቱ መካከል የተያዘው የገጠሩ አናጢ ጥበቡን ለልጁ ሳያወርስ ያረጃል።

ካፋ የውኃና የደን አገር ነው። ዝናቡ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ በየሸንተረሩ ሥር ጅረት ይወርዳል፤ ጅረቱም እየተጋባ ወደ ጎጀብና ወደ ኦሞ ይፈስሳል። የካፋ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር እስኪገባበት ድረስ ዳር ድንበሩን በወንዝ፣ በጥልቅ ቦይና በእንጨት አጥር ከልሎ፣ መግቢያውን ደግሞ በዘበኛ በር አስጠብቆ የኖረ መንግሥት ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ወንዝ የትና እንዴት ይሻገሩታል የሚለው ጥያቄ ከመንገደኛው ጉዳይነት አልፎ የመንግሥት ጉዳይ ነው። የጦርነቱ ዘመን ካለፈ በኋላም ጉዳዩ የኑሮ ጉዳይ ሆኖ ቀጥሏል። ቡናው፣ ማሩና ኮረሪማው ገበያ የሚደርሰው ወንዝ ተሻግሮ ነው። ሙሽራዋ የምትሄደው፣ ለቀስተኛውም የሚደርሰው ወንዝ ተሻግሮ ነው።

በዚህ አገር ለድልድይ የተሰጠው ዕቃ እንጨት ነው። በቦንጋና በደካ ዙሪያ ባለው ገጠር ቀረሮው፣ ዝግባው፣ ዋንዛው ከሰማይ ጠቀስ ቁመቱ ጋራ እየቆመ ድንጋይ ጠርቦና ኖራ አቃጥሎ ድልድይ መገንባት የገበሬው ሥራ አልነበረም። ረጃጅም ግንዶች ከዳር እስከ ዳር ይጋደማሉ፤ በላያቸው የእንጨት ርብራብ ይደረደራል፤ ርብራቡ በሐረግ ይታሠራል፤ የከብት እግር እንዳይሾልክ አፈር ይለበሳል። ይህን የሚያነብ የከተማ ሰው «ይህማ ቀላል ነው» ይል ይሆናል። እስቲ ይሞክረው። የትኛው እንጨት ነቀዝ እንደሚደፍረው፣ የትኛውስ ዝናብ እንደሚችል፣ ግንዱ በየትኛው ወራት ቢቆረጥ እንደማይሰነጠቅ፣ ሐረጉ ርጥብ ሳለ ታሥሮ ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚጠብቅ፣ ክረምት የሞላ ወንዝ እስከየት እንደሚደርስና ግንዱ ከየትኛው ዳር ቢደገፍ እንደማይንሸራተት ማወቅ የዕድሜ ልክ ትምህርት ነው። መጽሐፍ የለውም። መጽሐፉ ሰውየው ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ተከራካሪ ይምጣ። ይህ ሰው የታሪክ አዋቂ ነው፤ «እንጨት ይበሰብሳል፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የነበረው ግንድ ዛሬ የለም፤ ያልቆየ ነገር ደግሞ ቅርስ አይባልም» ይላል። ለዚህ ሰው መልሱ ከካፋ ሩቅ ከዓባይ ይገኛል። በጢስ ዓባይ አጠገብ በአላታ ያለው የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ተሠርቷል፤ ግንበኞቹም ከሕንድ የመጡ ነበሩ። በዚያው ዘመን በአገሪቱ የነበረው ፖርቱጋላዊው ሚሲዮናዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ይህ ድልድይ ሐበሾች በዓባይ ላይ ያዩት የመጀመሪያው ድልድይ ነው ብሎ ጽፏል። ግን ይኸው ሰው በዚያው ገጽ ላይ፣ የድንጋዩ ድልድይ ሳይሠራ በፊት በዚያው ቦታ ከአለት ወደ አለት ግንድ ተጋድሞ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊቱን ሁሉ ይዞ እንደ ተሻገረ ይተርካል። አንድ ሙሉ ሠራዊት፣ ከነፈረሱና ከነስንቁ የተሸከመ ግንድ ድልድይ ካልተባለ ድልድይ ማለት ምን ይሆን? ሎቦ በዐይኑ ያየውንና የሰማውን ጻፈ፤ በቋንቋው ግን እንጨቱን ከቁጥር አወጣው። ከዚያ ወዲህ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ነው። የተማረው ሰው አቆጣጠር ግን ዛሬም የሎቦ አቆጣጠር ነው።

ይልቁንም የታሪክ አዋቂው ራሱ የሚሳለምለት ድንጋይ ስለ እንጨት ይመሰክራል። የአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጸው ምንድን ነው? በርና መስኮት፣ ፎቅ ከፎቅ የሚለዩ የእንጨት አግዳሚዎች፣ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉ የወራጅ ጫፎች። ከኢጣሊያ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. በቦታው የቆመው ያ 24 ሜትር ሐውልት ከእግር እስከ ራሱ የእንጨት ቤት ሥዕል ነው። ጠራቢው ድንጋዩን የጠረበው አናጢው የሠራውን እያየ ነው። በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ደግሞ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት፣ እስከ ዛሬም ቆሞ ያለ ሕንፃ ነው። የድንጋይ ጥበብ በዚህች አገር የእንጨት ጥበብ ልጅ ሆና ሳለ፣ ልጂቱን አንግሦ እናቲቱን መካድ የታሪክ አዋቂነት አይደለም።

«ያልቆየ ነገር ቅርስ አይባልም» የሚለውም አነጋገር በሕዝቡ ኑሮ ፊት አይቆምም። ደመራ በየዓመቱ ይደመራል፤ በአንድ ቀን ይነዳል፤ አመዱ በግንባር ላይ ይቀባል። በሚቀጥለው መስከረም የሚደመረው ችቦ ሌላ ችቦ ነው። ታዲያ ደመራው አዲስ ነው የሚል ሰው ማን አለ? የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር እንጨቱ ስንት ዓመት ሆነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ኮንሶም ከድንጋይ እርከኗ ጋራ በየትውልዱ መፈራረቂያ የምታቆመውን የእንጨት ምሰሶ ይዛ ነው የተመዘገበችው። ተውኔትም እንዲሁ ነው። መጋረጃው በተዘጋ ቁጥር ያልቃል፤ በማግስቱ ሌላ ተዋናይ ሌላ ልብስ ለብሶ ሲጫወተው ግን ያው ተውኔት ነው። ድልድዩም የሚኖረው ትውልድ እየተቀበለ ሲሠራው ነው።

በፔሩ አገር በአፑሪማክ ወንዝ ላይ ቄስዋቻካ የሚባል የሣር ድልድይ አለ። ከኢንካዎች ዘመን የወረደ ነው። በየዓመቱ በሰኔ ወር አካባቢ የዙሪያው ገበሬዎች ይሰበሰባሉ፤ ሴቶች ሣሩን ይገምዳሉ፤ ወንዶች ገመዱን ዘርግተው ይጎነጉናሉ፤ አሮጌው ድልድይ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ዩኔስኮ ይህን ልማድ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመዘግብ የመዘገበው ሣሩን አልነበረም፤ ሙያውንና ደቦውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት እድሳቱ ታጎለ፤ ድልድዩ በ2021 መጋቢት ወር ተበጥሶ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ገበሬዎቹ እንደገና ሠሩት። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። አንድ ዓመት እጅ ቢያርፍ ወደቀ፤ እጁ ስላልሞተ ተነሣ። የካፋው እጅ ሲሞት ግን ማን ያነሣዋል?

ሁለተኛው ተከራካሪ የልማት ሰው ነው። ይህኛው ሰው ይከበር፤ የሚናገረው እውነት አለውና። «ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ሆና በሚንቀጠቀጥ ግንድ ላይ ትሻገር ትላላችሁን? የገበሬው ቡና በዝናብ ይበስብስ ትላላችሁን? ለጥበብ ሲባል ገበሬ በድህነት ይያዝ ትላላችሁን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ፦ አይደለም፣ ፈጽሞ አይደለም። አምቡላንስና የጭነት መኪና የሚያሳልፍ የኮንክሪት ድልድይ በካፋ ገጠር ሁሉ ይሠራ፤ በተሠራ ቁጥርም እልል ይባል። የገበሬውን ችግር እንደ ጌጥ ሊጠብቅ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ከዚህ ክርክር ውስጥ ቦታ የለውም።

ነገር ግን አዲሱ ድልድይ ሲመጣ አሮጌው ለምን ይፈርሳል? ሲሚንቶው ከእንጨቱ ሃምሳ ርምጃ ራቅ ብሎ ቢቆም ምን ይጎድለዋል? መኪናው በአዲሱ፣ እግረኛውና ጥጃ የሚነዳው ልጅ በአሮጌው ቢያልፉ ማን ይጎዳል? የፈረሰው ግንድ ማገዶ ከመሆን ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። የቆመው ግን ትምህርት ቤት ነው። ደግሞም የልማት ሰው በዕቃው ጥንካሬ ብቻ እንዳይመካ ከሰባራ ድልድይ ይማር። በጎጃምና በቤጌምድር መካከል በዓባይ ላይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ያ የድንጋይ ድልድይ በጠላት ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት ተሰበረ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ገበሬው ከ60 ዓመት በላይ ከስባሪ ወደ ስባሪ በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው ፎቶግራፉን በመጽሔት ላይ አየ፤ በማግስቱም ዓመት ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። ያንን ብረት በ2005 የዓባይ ሙላት ጠርጎ ወሰደው። በመጨረሻ በ2009 ከሙላቱ በላይ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። ብረትም እንደ እንጨት በውኃ ይወሰዳል፤ ወንዙን የማያውቅ ብረት ወንዙን ከሚያውቅ ግንድ አይበልጥም። ሁለተኛው የበለጠ ያማል። ችግሩ ከ60 ዓመት በላይ በአገሬው ዐይን ፊት ቆሞ ሳለ፣ ለመፍትሔ ያነሣሣው ባሕር ማዶ የታየ ፎቶግራፍ ሆነ። የካፋ የእንጨት ድልድዮችም የሌላ አገር ሰው መጽሔት እስኪያነብ ድረስ ይጠብቁ ይሆን?

ሦስተኛው ተከራካሪ ወዳጅ መስሎ የሚመጣ ስለሆነ ከሁለቱ ይልቅ ያሠጋል። «ድልድዩን እንጠብቀው፤ አጥር እንጠርለት፤ ሰው እንዳይረግጠው፤ መግቢያ ዋጋም ይከፈልበት» ይላል። ይህ ሰው ድልድዩን ሳይፈርስ ይቀብረዋል። ያልተረገጠ ድልድይ ማንም አያድሰውም፤ ያልታደሰ እንጨትም በካፋ ዝናብ ብዙ አይከርምም። እንጨት ከብዙ ዘመን ጋራ ሲታረቅ የታየው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በእድሳት፣ ወይ በክዳን። በስዊዘርላንድ፣ በአሜሪካና በቻይና የገጠር ሰዎች በእንጨት ድልድይ ላይ እንደ ቤት ጣራ ያለብሱበታል። ጣራው ለመንገደኛው መጠለያ ቢሆንም ዋናው ሥራው ግንዱን ከዝናብ መጠበቅ ነው። በስዊዘርላንድ በሉሰርን ከተማ በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት የተሠራው ባለ ጣራ ድልድይ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 አብዛኛው ክፍሉ በእሳት ጠፋ፤ በ1994 ሚያዝያ እንደገና ተከፈተ። በእድሳቱ ከተማዋ ድልድዩን ስታገኝ፣ በጣራው ሥር ከነበሩት የጥንት ሥዕሎች አብዛኞቹን ግን ለዘለዓለም አጣች። የሚሠራ እጅ ያለው ነገር ተመለሰ፤ ሠሪው የሞተበት አልተመለሰም። በቻይና የፉጂያንና የዤጂያንግ ባለ ጣራ የእንጨት ድልድዮችም ነገር እንዲሁ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 አስቸኳይ ጥበቃ ያሻዋል ብሎ የመዘገበው የአናጢዎቹን ሙያ ነው።

የካፋ ሰው የጣራን ነገር ከማንም አይማርም። ቤቱን የሚያቆመው ክዳኑ መሆኑን ያውቃል። በቤቱ ላይ ያደረገውን በድልድዩ ላይ እንዲያደርግ የሚያግዘው አካል ቢገኝ፣ ከአዲሱ ኮንክሪት አጠገብ የቀረው አሮጌ ድልድይ ሣር ወይም ቆርቆሮ ለብሶ፣ የገበያ መንገደኛ የሚያርፍበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ልጅ የአባቱን ሙያ የሚያይበት ቦታ ይሆናል።

አንድ የሚቀር ጥያቄ አለ፤ ሁሉም የሚሸሸው እርሱን ነው። ግንዱ ከየት ይመጣል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። አዋጁ በኋላ በሌሎች አዋጆች ቢተካም ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ደኑ እየመነመነ ነበርና። ካፋም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ለዚሁ ደን ሲባል ነው። የዱር ቡና መገኛ የሆነውን ደን ለድልድይ ሲባል ይቆረጥ የሚል ሰው ቢኖር ያበደ ነው። ነገር ግን ደንን ከሰው የሚለይ ጥበቃ በመጨረሻ ደኑንም አያድንም። ይህን ከካፋ ገበሬ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ቀፎውን የሚሰቅልበትን ዛፍ ከአባቱ ተቀብሎ ለልጁ ሲያወርስ የኖረ ነውና። ለቀፎ የሚጠበቅ ዛፍ ካለ፣ ለድልድይ የሚተከል ዛፍ እንዴት አይኖርም? በጃፓን የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት ይታነጻል፤ ለዚሁ ሥራ የሚውል ደንም ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ይተከላል። የዛሬው ተካይ የተከለውን ዛፍ ተቆርጦ አያየውም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ለካፋ ሰው እንግዳ አይደለም።

ሕጉም ሰበብ አይሆንም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 209 የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ የሚዳሰሰውንም የማይዳሰሰውንም ቅርስ ይጠብቃል፤ ቅርስ የግድ ድንጋይ ይሁን አይልም። ኢትዮጵያም የማይዳሰሱ ቅርሶችን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀብላለች። የጎደለው ዐይን እንጂ አንቀጽ አይደለም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የዞኑ የባህል ሠራተኞች የእንጨት ድልድዮቹን፣ ከድልድዮቹም ይልቅ ሠሪዎቹን አናጢዎች፣ በስምና በዕድሜ ይመዝግቡ። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ድልድይ ከመጀመሪያው መጥረቢያ እስከ መጨረሻው ሐረግ ሲሠራ ይለኩ፣ ይሣሉ፣ በድምፅና በፊልም ይቅረጹ፤ የእንጨቱንና የሐረጉን ስም በካፍኛ ይጻፉ፤ ቃሉ ከጠፋ ዕቃውም ይጠፋልና። አዲስ ድልድይ የሚነድፈው መሐንዲስ ሥራውን ሳይጀምር የአካባቢውን አናጢ ወንዙ እስከየት እንደሚሞላ ይጠይቅ። በየቀበሌው ጥቂት ዛፎች «የድልድይ ዛፍ» ተብለው ይተከሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ኮንክሪት ድልድይ ዋጋ አይደርስም።

ውኃ ሲወስድ እያሣሣቀ ነው ይባላል። የእንጨት ድልድዮቹም እንዲሁ እየተወሰዱ ነው። አንዱ ሲወድቅ የሚያለቅስ የለም፤ አዲሱ ሲመረቅ የሚስቅ ሞልቷል። ነገ አንድ ቀን ታዲያ ክረምት ሞልቶ አዲሱን ድልድይ ሲሰብር፣ ተቋራጩም ከዝናቡ ማብቂያ በፊት መምጣት ሲያቅተው፣ ግንድ አጋድሞና ሐረግ አጥብቆ መንደሩን የሚያሻግር ሰው ይፈለጋል። ያን ጊዜ የሚፈለገው ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት አለ፤ በካፋ ገጠር በአንድ ጅረት ዳር ተቀምጧል። ዝናቡ አባርቶ የቡና ለቀማ ሲጀመር ሄዶ የሚጠይቀው ይፈልጋል።